ስለ ርስት መዝገብ መርማሪዎች ፈቃድና ዋስትና

ከብት የሚገዛ ሰው ከብቱን ያየዋል፤ ጥርሱን ቆጥሮ፣ አራምዶና ጎረቤት ጠይቆ ይገዛል። እህል የሚገዛም ዘግኖ ያየዋል። ርስት የሚገዛ ሰው ግን መሬቱን ቢዞረው፣ ወሰኑን ቢረግጠውና አፈሩን ቢዘግነው እንኳ የሚገዛውን ነገር ገና አላየውም። የሚገዛው አፈሩን ብቻ ሳይሆን በአፈሩ ላይ ያለውን መብት ነውና፤ መብትም በዓይን አይታይም። ሻጩ በእውነት ባለርስት መሆኑ፣ ወንድም ወይም እኅት ድርሻ የሌላቸው መሆኑ፣ መሬቱ በዕዳ ያልተያዘና ግብር ያልተከማቸበት መሆኑ የሚታወቀው በምስክር ወይም በጽሕፈት ነው።

በኢትዮጵያ በቀድሞ ዘመን የርስት ስጦታና ሽያጭ ከምስክሮቹ ስም ጋራ በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር። በተለይ በጎንደር ዘመን የተጻፉ እንደዚህ ያሉ ጽሕፈቶች እስከ ዛሬ ይገኛሉ። በዚያን ጊዜ ጽሕፈቱ ጥቂት፣ ሰዎቹም እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ስለ ነበሩ፣ መጽሐፉን ገልጦ የሚያነብ አንድ ካህንና የሚመሰክሩ ሽማግሎች ይበቁ ነበር። ጽሕፈቱ በብዙ ሺሕ ሲቈጠርና ሻጭና ገዥ የማይተዋወቁ ሲሆኑ ግን መዝገብ ማንበብ ራሱ የአንድ ሰው ሙሉ ሥራ ይሆናል። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የሆነው ይህ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች በእንግሊዝኛ አብስትራክተር ይባላሉ፤ በአማርኛ የርስት መዝገብ መርማሪ ቢባሉ ይስማማቸዋል። ከአሜሪካ ግዛቶች ጥቂቶቹ ይህን ሥራ ያለ መንግሥት ፈቃድ ማንም እንዳይሠራው ከልክለዋል፤ የሚበዙት ግን አልከለከሉም። የትኞቹ እንደ በጁ መመርመር፣ መዝገብ በእጁ ላለ ሹም ሁሉ የሚጠቅም ነገር ነው።

በመጀመሪያ የአሜሪካ መዝገብ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። ማሳቹሴትስ ገና የእንግሊዝ ቅኝ አገር ሳለች በ1640 (ዘመኑ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) የርስት ሽያጭ ውል በመዝገብ እንዲገባ ሕግ አወጣች፤ ሌሎችም ተከተሉ። ዛሬ በየካውንቲው፣ ማለት በየወረዳው፣ የርስት ውል የሚቀበል ጸሓፊ አለ። ነገር ግን ይህ ጸሓፊ የቀረበለትን ውል ተቀብሎ ቀንና ገጽ ሰጥቶ ያስገባል እንጂ፣ ሻጩ ባለርስት ይሁን አይሁን አይመረምርም። ያላባቱን ርስት የሸጠ ሰው እንኳ ውሉን በደንብ አስጽፎ ቢያመጣ ይመዘገብለታል። ስለዚህ መዝገቡ የሚመሰክረው ወረቀቱ በዚህ ቀን መቅረቡን ነው፤ የወረቀቱን ቃል እውነት መሆን አይመሰክርም። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ገዥ «ተመዝግቧል» የሚለውን ቃል ሰምቶ ብሩን ይቈጥራል።

ወሰኑም በየስፍራው እኩል ጥርት ያለ አልነበረም። በኬንታኪ ሰፋሪዎች መሬቱን በዛፍ፣ በድንጋይና በወንዝ እየተመለከቱ በገዛ እጃቸው ስላስለኩት፣ አንዱ ይገባኛል የሚለው በሌላው ላይ እንደ ቤት ክዳን ተደራርቦ ነበር። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት የአብርሃም ሊንከን አባት፣ ቶማስ ሊንከን፣ በ1816 ኬንታኪን ትተው ወደ ኢንዲያና ሄዱ፤ ልጃቸው በ1860 በጻፉት አጭር የሕይወት ታሪክ የመሄዳቸውን ዋና ምክንያት የባርነት ነገር ሳይሆን የርስት ማስረጃ ችግር አድርገው ገልጠውታል። ያቀናውን መሬት ሌላ ሰው ወረቀት አምጥቶ ሊያስለቅቀው እንደሚችል የሚያውቅ ገበሬ ዛፍ አይተክልም፤ ጕድጓድም አይቈፍርም።

በ1785 የወጣው የመሬት ድንጋጌ ይህንን ለማስቀረት በምዕራብ ያለውን የመንግሥት መሬት በገመድ አስለክቶ በየ6 ማይሉ አራት ማዕዘን አደረገው፤ እያንዳንዱንም በ36 ከፈለው፤ አንዱም ክፍል 640 ኤክር ሆነ። በ1862 የወጣው የሰፋሪዎች ሕግ ደግሞ 5 ዓመት ተቀምጦ ላረሰ ሰው 160 ኤክር፣ ማለት ከአንድ ጋሻ ተኩል የሚበልጥ መሬት፣ በነጻ ሰጠ። መጀመሪያው ስጦታ እንግዲህ ንጹሕ ነበር። ከስጦታው በኋላ ግን ሰው ይሞታል፤ ልጆች ይካፈላሉ፤ ገበሬው ለዘር ገንዘብ ሊበደር መሬቱን መያዣ ይሰጣል፤ ባልና ሚስት ይፋታሉ፤ ባለዕዳ ፍርድ ያስፈርድበታል፤ የባቡር ኩባንያ መተላለፊያ ይገዛል። ከመቶ ዓመት በኋላ የዚያ ንጹሕ መሬት ወረቀት አንድ ጥራዝ ይሞላል።

የመዝገብ መርማሪው ሥራ ከመንግሥት የመጀመሪያ ስጦታ ጀምሮ እስከ ዛሬዋ ቀን ድረስ ይህንን ሁሉ በተራ አውጥቶ ማሳጠር ነው። የእያንዳንዱን ውል ቀን፣ የሰጪውንና የተቀባዩን ስም፣ የመሬቱን ልክ፣ የመዝገቡን ገጽ ይጽፋል፤ መያዣ ካለ መያዣው የተፈታበትን ወረቀት ይፈልጋል፤ የውርስ ፍርድ ያለ እንደ ሆነ ወራሾቹን ይቈጥራል፤ የግብር መዝገቡንም ያያል። ከዚያ በኋላ ጠበቃ ያንን አንብቦ ርስቱ ይጸናል ወይም አይጸናም ብሎ አሳቡን ይጽፋል። መርማሪው ፈራጅ አይደለም፤ የሚፈርደው ሰው ግን የሚያየው መርማሪው ያሳየውን ብቻ ነው።

የክርክሩ ሥር ከዚህ ላይ ነው። ጫማ ሰፊ ቢያበላሽ ጫማው በሳምንቱ ይቀደዳል፤ ባለጫማውም ሰፊውን ይለውጣል። መርማሪው አንድ ገጽ ቢዘል ግን የተዘለለው ገጽ በሥራው ላይ ጠባሳ አይተውም። ወረቀቱ በሙሉ የተጻፈና ያማረ ይመስላል፤ ገዥው ያነባል፣ ጠበቃው ያነባል፣ ባንኩ ያነባል፤ የሌለውን ነገር ግን ማንም ሊያነበው አይችልም። ስሕተቱ የሚገለጠው ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ፣ ያልተቈጠረችው ወራሽ ልጅ አድጋ፣ ወይም ፊርማዋ ያልተጠየቀ ሚስት ተነሥታ ስትከስ ነው። በዚያን ጊዜ መርማሪው ሞቶ ወይም አገር ለቆ ይሆናል። ስለዚህ «ገበያው ራሱ ክፉውን ሠራተኛ ይጥለዋል» የሚሉ ሰዎች በዚህ ሥራ ላይ ተሳስተዋል፤ ገበያ የሚቀጣው የሚያየውን ጥፋት ነውና።

ዳኝነቱም ቢሆን ለተጐዳው ሰው ብዙ ጊዜ አላገዘውም። በፔንሲልቫንያ በ1868 በተፈረደው የዋትሰንና የሙርሄድ ነገር፣ የርስት ውል አዋዋዩ መሬቱ ላይ ያለውን የፍርድ ዕዳ አግኝቶ ነበር፤ ነገር ግን ዕዳው መሬቱን አይዝም የሚል የጠበቃ አሳብ ተቀብሎ ሽያጩን ስለ ጨረሰ፣ ገዥው ገንዘብ አጣ። ፍርድ ቤቱም በሥራው ላይ ቸልተኛ አልሆነም ብሎ አዋዋዩን ነጻ አወጣው። በ1879 ደግሞ የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዋሽንግቶን በሆነ አንድ ነገር፣ የተበዳሪውን ባለርስትነት በስሕተት ያረጋገጠውን ጠበቃ፣ የቀጠረው ተበዳሪው እንጂ ባንኩ አይደለም በማለት፣ ለባንኩ ተጠያቂ አይሆንም ብሎ ፈረደ። ሰውየው ግን መሬቱን አስቀድሞ ለሌላ ሰጥቶት ነበር፤ ስጦታውም በመዝገብ ውስጥ ተጽፎ ነበር። ጠበቃው መዝገቡን ቢገልጥ ባገኘው ነበር።

ከ1868ቱ ፍርድ የተነሣ ነጋዴዎች ሌላ መንገድ ፈለጉ። ፔንሲልቫንያ በ1874 ሕግ አወጣች፤ በ1876ም በፊላዴልፍያ የመጀመሪያው የባለርስትነት መድን ኩባንያ ተቋቋመ። ይህ መድን፣ ማለት ኢንሹራንስ፣ ማን ጥፋተኛ ነው ሳይል ለተጐዳው ሰው ገንዘብ ይከፍላል። ዛሬ በሚበዛው የአሜሪካ ክፍል ቤትና መሬት የሚገዛ ሰው የሚታመነው በዚህ መድን ነው፤ መርማሪውም በብዙ ግዛት ፈቃድ የማይጠየቅበት አንዱ ምክንያት መድኑ አለ መባሉ ነው። ነገሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለገበሬ ፈጽሞ አይበቃም። መድን ብር ይከፍላል እንጂ መሬት አይመልስም። ለከተማ ባለቤት ብሩ ሌላ ቤት ይገዛለት ይሆናል፤ ኵሬውን ያስቈፈረ፣ ፍሬ ዛፉን 15 ዓመት ያሳደገ ሰው ግን በውሉ የተጻፈው ገንዘብ ቢሰጠው የተወሰደበትን አላገኘም። ደግሞም መድን ሰጪ ኩባንያ የታወቀውን ነውር አስቀድሞ ከውሉ እያወጣ «ይህን አልክስም» ብሎ ይጽፋል። አንዳንድ ጊዜም ነውሩን ከማቃናት ይልቅ ኪሳራው አነስተኛ ነው ብሎ አስቦ ያልፈዋል፤ የርስቱ ሐረግም እንደ ተጣመመ ለሚቀጥለው ገዥ ይተላለፋል። የአዮዋ ግዛት በ1947 የዚህን መድን ሽያጭ በግዛቷ ውስጥ ከልክላ፣ መርማሪውንና ጠበቃውን በሥራቸው አጸናች፤ በ1985ም መንግሥቱ ራሱ የሚሰጠውን ዋስትና አቋቋመች። ለዚህም ዋስትና የሚሠራ መርማሪ በደንቡ የ40 ዓመት የግል ማውጫ መዝገብ እንዲኖረው ይጠየቃል። አዮዋ የገበሬ አገር መሆንዋን ላሰበ ሰው ይህ አያስደንቀውም።

ስለ ግል ማውጫ መዝገብ የተነገረው ነገር የሚገባ ሰው የቺካጎን ታሪክ ሲያውቅ ነው። በጥቅምት 8 ቀን 1871 ማታ የተነሣው እሳት ከተማውን ሲያቃጥል የኩክ ካውንቲ ፍርድ ቤትና በውስጡ የነበረው የርስት መዝገብ ሁሉ አመድ ሆነ። በአንድ ሌሊት የታላቅ ከተማ ሕዝብ የባለርስትነቱን ጽሕፈት አጣ። ነገር ግን ሦስት የመዝገብ መርማሪዎች ማኅበሮች ነበሩ፤ እነርሱም ለሥራቸው እንዲመቻቸው በየቀኑ የሚመዘገበውን ውል በየመሬቱ ቍጥር እየለዩ በገዛ መጽሐፋቸው ሲጽፉ ኖረዋል። ከመካከላቸው ሾርታል የሚባለው ሰው እሳቱ ሲቀርብ በመንገድ የሚያልፍ ጋሪ አስቁሞ መጻሕፍቱን ጭኖ አወጣ። ሌሎቹም የሚችሉትን ያህል አዳኑ። አንዱ ያጣውን ሌላው ስላገኘ፣ የሦስቱ አንድ ላይ ሲሆን የከተማው የርስት ታሪክ ተገኘ። የኢሊኖይ ሕግ አውጪዎችም በ1872 ስለ ተቃጠሉ መዝገቦች ሕግ አውጥተው እነዚህ የግል መጻሕፍት በፍርድ ቤት ማስረጃ እንዲሆኑ ፈቀዱ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወጣል፤ አንዱ የሚያስመሰግን፣ ሁለተኛው የሚያስፈራ። የሚያስመሰግነው፣ በስም ብቻ የተደራጀ የመንግሥት መዝገብ ሲጠፋ በመሬቱ ቍጥር የተደራጀ ሁለተኛ መዝገብ አገሩን ማዳኑ ነው። የሚያስፈራው፣ የከተማው ሁሉ ባለርስትነት በሦስት ነጋዴዎች ሣጥን ውስጥ መግባቱ ነው። መጽሐፉ የእነርሱ ነውና ዋጋውን የሚቈርጡት እነርሱ ናቸው፤ ሌላም አዲስ መርማሪ ይህን የመሰለ መጽሐፍ ሊጽፍ የተቃጠለውን ከየት ያመጣዋል?

ፈቃድ የሚጠይቁት ግዛቶች ሕግ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚሄድ ነው፤ ሁልጊዜም ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሰሜን ዳኮታ፣ ደቡብ ዳኮታ፣ ነብራስካ፣ ኦክላሆማና ሚኒሶታ መርማሪዎችን በሕግ ከያዙት መካከል ናቸው። ደንባቸው በየዝርዝሩ ቢለያይም የሚጠይቁት ነገር ተመሳሳይ ነው፤ መርማሪው ይፈተናል፤ በስሕተቱ ለሚጐዳው ሰው የሚከፈል ዋስ ወይም መድን ያቀርባል። በዳኮታዎቹና በኦክላሆማ ደግሞ የካውንቲው መዝገብ ሙሉ ማውጫ እንዲኖረው ይፈለጋል፤ ፈቃዱም የሚጸናው በዚያው ካውንቲ ብቻ ነው። ኦክላሆማ ከሁሉ ትጠብቃለች፤ በዚያ ግዛት ፈቃድ ያለው መርማሪ ያወጣውን የርስት ታሪክ ጠበቃ ሳይመረምረው የባለርስትነት መድን ሊሰጥ አይቻልም። በ2007 የወጣው ሕግም ሥራውን ከመንግሥት ሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት አንሥቶ ለአንድ ለብቻው ለተቋቋመ ጉባኤ ሰጠው፤ ከጉባኤው 9 አባሎች 6ቱ የዚያው ሥራ ሰዎች ናቸው።

ተቃዋሚዎች ከዚህ ላይ ይነሣሉ። «ይህ ሕዝብን መጠበቂያ ሳይሆን ማኅበርተኞች የሠሩት አጥር ነው፤ ፈቃድ ሰጪውም ፈቃድ ተቀባዩም አንድ ናቸው፤ ሙሉ የካውንቲ ማውጫ ለመጻፍ የሚፈጀው ገንዘብና ዓመት አዲስ ሰው እንዳይገባ ይከለክላል» ይላሉ። በከንቱ የተናገሩ አይደሉም። ካውንቲው ትንሽ ሲሆን አንድ መርማሪ ብቻ መቅረቱ ያለ ነገር ነው፤ አንድ ወፍጮ ብቻ ባለበት አገር እንደሚሆነው ሁሉ፣ የሚያስፈጭ ሰው ዋጋ አይከራከርም፤ ተራም ይጠብቃል።

ነገር ግን ክፋቱ በፈቃዱ ሁሉ ላይ አይደለም፤ በአንዱ ክፍል ላይ ነው። ፈተናው ማንንም አያስቀርም፤ የሚማር ሰው ያልፈዋል። ዋሱም የሚያስፈልግ ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው እርሱ ነው። ፈተና መርማሪው ትናንት ምን እንዳወቀ ይናገራል፤ ዋስ ግን ነገ ለሚያጠፋው ይመልሳል፤ ያም ሰው ቢሞት ወይም ቢጠፋ እንኳ ይመልሳል። ያለ ዋስ የሚሰጥ ፈቃድ በግድግዳ የሚሰቀል ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው፤ ይልቁንም ገዥውን ያዘናጋዋል። የሚያስቸግረው የግል ማውጫው ግዴታ ነው፤ እርሱም የሚከፋው የመንግሥቱ መዝገብ የተዘጋ ወይም የተበላሸ እንደ ሆነ ነው። በሚሺጋን ይህ ነገር ተፈትኗል። ፍርድ ቤቱ በ1880 መዝገቡን ለግል ንግድ ሊገለብጥ የፈለገውን ሰው ሳይፈቅድ ቀረ። በ1889 ግን የዲትሮይቱ መርማሪ ክላረንስ በርተን ተከራክሮ፣ የሕዝብ መዝገብ ለሚሠራበት ሰው ክፍት መሆኑን አስፈረደ። እኒህ ሰው ኋላ የሰበሰቧቸው የታሪክ ጽሑፎች በዲትሮይት መጻሕፍት ቤት በስማቸው ይገኛሉ። መዝገቡ ለሁሉ ከተከፈተ፣ ሹሙም ራሱ በመሬቱ ቍጥር ማውጫ ካደረገለት፣ የግል መጽሐፍ መያዝ የመርማሪው ምቾት እንጂ የመግቢያው በር ቍልፍ አይሆንም። ስለዚህ መልካሙ ሕግ ፈተናንና ዋስን ጠይቆ፣ ማውጫውን ግን የመንግሥት ሥራ የሚያደርገው ነው።

«አሁን መኪና ሁሉን ይፈልጋልና መርማሪ አያስፈልግም» የሚልም አለ። እውነት ነው፤ በብዙ ካውንቲ መዝገቡ በኮምፒውተር ገብቷል፤ ቀድሞ ሦስት ቀን የሚፈጀው በሰዓት ያልቃል። መኪናው የሚፈልገው ግን የተጻፈለትን ስም ነው። በሚኒሶታ በሚኒያፖሊስና በሴይንት ፖል ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ገዝተው ይኖራሉ፤ የእነርሱን ነገር ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ጸጋዬ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ ጸሓፊ በቲ፣ ሌላው በኤስ ይጀምረዋል፤ በማውጫው ውስጥ ሁለቱ ተራርቀው ይቀመጣሉ። ባልና ሚስት የየአባታቸውን ስም ስለሚይዙ ማውጫው ባዕዳን ያስመስላቸዋል። ደግሞ የስሙ መጨረሻ የአባት ይሁን የአያት እንደ ወረቀቱ ይለያያል፤ በተስፋዬ ስም የተፈረደ የሌላ ሰው ዕዳም በዚህኛው ተስፋዬ ቤት ላይ የተጣለ ይመስላል። ይህን የሚለይ የሠለጠነ ሰው ነው። ሚኒሶታ መርማሪውን በንግድ መሥሪያ ቤትዋ በኩል ፈቃድና ዋስ ወይም መድን መጠየቅዋ ለእነዚህ ሰዎች ጥቅም አለው፤ በስማቸው ላይ የሚሆነው ስሕተት ከሌላው ይበዛልና።

ከዚህ ሁሉ የተለየ መንገድም አለ። ሮበርት ቶረንስ በደቡብ አውስትራልያ በ1858 ያስጀመሩት ደንብ፣ መንግሥት አንድ ጊዜ መርምሮ የሚሰጠው ወረቀት ራሱ የባለርስትነት ማስረጃ እንዲሆን ያደርጋል፤ የኋለኛውን ታሪክ መቈፈር አያስፈልግም። ኢሊኖይ በ1897፣ ሚኒሶታ በ1901 ተቀበሉት። በሚኒሶታ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ በቺካጎ ግን በ1990ዎቹ ተትቷል። ይህ ደንብ ከሁሉ የጠራ ነው፤ ነገር ግን መርማሪውን አያስቀርም፤ የመንግሥት ሹም ያደርገዋል እንጂ።

ወደ ኢትዮጵያ የሚቀርበውም ይህ መጨረሻው ነው። በ1967 ዓ. ም. የገጠር መሬትና የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆኗል፤ የ1987 ዓ. ም. ሕገ መንግሥትም መሬት እንዳይሸጥ ደንግጓል። ስለዚህ እንደ አሜሪካ ያለ የግል የርስት መዝገብ መርማሪ ሥራ የለውም። ቤት ግን ይሸጣል፤ ይዞታ ይወረሳል፤ በመያዣም ይያዛል። በ2006 ዓ. ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 818 መዝገቡን በመንግሥት እጅ አድርጎታል። መዝገቡን የሚጽፈውም፣ ሲጠየቅ የሚፈልገውም፣ «ዕግድ የለበትም» ብሎ የሚያረጋግጠውም የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነው። የአሜሪካው መርማሪ የሚያደርሰውን ያህል ጕዳት ይህ ሰው ሊያደርስ ይችላል፤ የዘለለው ገጽም እንዲሁ አይታይም። እርሱን ፈቃድ መጠየቅ ትርጕም የለውም፤ የአሜሪካ መርማሪ ከሥራው ጋራ የሚሰጠውን የማረጋገጫ ቃል መጠየቅ ግን ይቻላል።

ያም ቃል እንዲህ ያለ ነው። መርማሪው በሥራው መጨረሻ ላይ የትኞቹን መዝገቦች እንዳየ በየስማቸው ይጽፋል፤ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እስከ የትኛው ቀንና ሰዓት ድረስ እንዳየ ይጽፋል፤ ያላየውንም ይለያል፤ ከዚያ ይፈርማል። የወረዳ ወይም የክፍለ ከተማ ሹም ለባንክ ወይም ለገዥ ማረጋገጫ በሚሰጥበት ጊዜ «በመዝገባችን ዕዳ አልተገኘም» ከማለት ይልቅ፣ የይዞታውን መዝገብ፣ የመያዣውን መዝገብና ከፍርድ ቤት የመጣውን የዕግድ ደብዳቤ ፋይል እስከዚህ ቀን ከጧቱ 4 ሰዓት ድረስ አይቼ አላገኘሁም፣ የግብሩን መዝገብ ግን አላየሁም ብሎ በስሙ ቢፈርም፣ ተቀባዩ የቀረውን ራሱ ሄዶ ይጠይቃል፤ ስሕተት ቢገኝም የማን እንደ ሆነ ከፊርማው ይታወቃል። ለዚህ አዲስ ሕግም ሆነ አዲስ ደመወዝ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሦስት መስመር የተጨመረበት ቅጽና፣ ከመዝገብ ቤቱ ውጭ በሌላ ሕንጻ የሚቀመጥ፣ በየወሩ መጨረሻ የሚታደስ ሁለተኛ የማውጫ ግልባጭ ነው።